«ደህና ነኝ፣ ይመስገን»

እኛ አገር ታማሚ እንዴት አደሩ ሲባል መልሱ ይታወቃል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ምስጋናው መልካም ነው። በቀዶ ሕክምና ዎርድ ግን ከባድ ሕመም የሚደበቀው እዚሁ መልስ ውስጥ ነው።

ነርስ ነኝ። አንድ ጠዋት ከአዳሪዎቹ ተረኞች ከተረከብኳቸው ታካሚዎች አንዱ ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸው ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ቻርታቸው ላይ የሕመም መጠን ከ10 «0» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ስጠይቃቸው ያው «ይመስገን» አሉኝ።

አተነፋፈሳቸው ግን አላማረኝም። ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ይፈጥናል። ትኩሳትም ጀማምሯቸዋል። ከአልጋ ወርደው አያውቁም። የምታስታምማቸው ልጃቸው ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጣችና «ሲስተር፣ አባዬ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ጋቢውን ነክሶ ነው ያደረው» አለችኝ።

ተመለስኩ። «አባባ፣ እስቲ አንዴ ያስሉልኝ።»

ሞከሩ። ግማሽ ላይ ተዉት። ግንባራቸው በላብ ራሰ። «አሁንስ ምን ያህል ያምማል?» ስላቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ልጄ፣ አመመኝ ካልኩ በሽታው አልወጣም ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትቀዱኝ ፈርቼ ነው» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። የቁስሉ ሕመም ሌላ፣ በሽታው ሌላ መሆኑን ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው። የሚያምዎት የተሰፋው ቦታ ነው፤ ማንም ይሁን ሆዱ ተከፍቶ ሲሰፋ ያመዋል።

ሕመምን መቻል እኛ ዘንድ እንደ ጀግንነት ይታያል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ግን አደገኛ ነው። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በደንብ ካልተነፈሰና ካላሳለ፣ የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር አይደርሰውም። አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ሳይነቃነቁ መተኛት ደግሞ እግር ውስጥ ደም ያረጋል። ካንሰር ያለበት ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ከተሰነቀረ ሊገድል ይችላል። ማስታገሻ የምንሰጠው ታካሚው እንዲተነፍስና እንዲራመድም ጭምር ነው።

ሐኪሙ መጥቶ መረመራቸው፤ የደረት ራጅም አዘዘ። ደግነቱ ምች አልሆነም። ማስታገሻቸው የታዘዘው «ሲያማቸው ይሰጥ» ተብሎ ነበር። አመመኝ ለማይል ሰው ይህ ትእዛዝ ምን ይረባዋል? አመመኝ ባይሉም ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጣቸው ተቀየረ።

መድኃኒቱ ሲይዝላቸው፣ ትራስ ሆዳቸው ላይ አቅፈው ጫን እያደረጉ እንዲያስሉ አሳየኋቸው። ልጅቷ ሃይላንድ ላይ ውኃ አድርጋ በስትሮ እፍ እያሉ አረፋ እንዲያወጡ ታግዛቸው ጀመር። ሳንባ የሚከፍት ቀላል ስፖርት ነው፤ ወጪም የለው። ከሰዓት በኋላ በእሷ ተደግፈው በሩ ድረስ ሄዱ። በማግስቱ ኮሪደሩን ዞሩት። ትኩሳቱም ለቀቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ዎርዳችን ውስጥ ለሕመም ሁለት ቁጥር እንጽፋለን። አንዱ ተኝተው ያለው ነው፣ ሌላው ሲያስሉ። አስታማሚውንም እንጠይቃለን፤ ሌሊቱን አብሯቸው ያደረው እሱ ነው። ሲያስሉ ያለው የሕመም ቁጥር ከፍ ካለ ማስታገሻው አልበቃም ማለት ነው፤ የሐኪሞቹን የዎርድ ጉብኝት (ራውንድ) ሳንጠብቅ ተረኛውን ሐኪም እንጠራለን።