አኩሪ አተር እንደ ቲማቲም አይደለም፦ የሦስት ወር የላብራቶሪ ማስታወሻ

ሁለት ዓመት ሙሉ ቲማቲም፣ ጎመንና የኤክስፖርት ፎሶሊያ ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስለካ ቆይቻለሁ። አኩሪ አተር ሲመጣ "ዘዴው ያው ነው፣ ምን ይለያል?" አልኩ። ሦስት ወሩ አለፈ፣ ያንን ያልኩበትን ቀን አሁንም እረግማለሁ። ላብ ውስጥ የምትሠሩ ልጆች እኔን ያደናቀፈኝ እናንተንም እንዳያደናቅፋችሁ፣ እስካሁን ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ያዋረደኝ ማሽኑ አይደለም፣ ወፍጮው ነው። አኩሪ አተር 20 በመቶ ያህል ቅባት አለው። ዝም ብላችሁ ስትፈጩት ይሞቃል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ ዱቄቱም ምላጩ ሥር ይለጠፋል። ሙቀቱ ደግሞ ቶሎ የሚተኑትን የፀረ ተባይ መድኃኒቶች ይዞ ሊሄድ ይችላል። አሁን ፍሬውን ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ፣ ጠዋት አሥር አሥር ሰከንድ እያረፍኩ እፈጨዋለሁ። ደረቅ በረዶ ያላችሁ ታድላችኋል።

የምንጠቀመው ዘዴ ኬቸርስ የሚባለው ነው። አናስታሲያደስ፣ ሌሆታይና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ዛሬ ብዙው የቅሪት ላብራቶሪ የሚሠራበት። ለቲማቲም ቀላል ነው፦ 10 ግራም፣ መድኃኒቱን ከናሙናው የሚያወጣው ፈሳሽ፣ አሴቶናይትራይል፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ ጨው፣ መነቅነቅ፣ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ መለየት። ቲማቲሙ ውሃውን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። አኩሪ አተር ግን ደረቅ ስለሆነ ውሃውን እኛ እንሰጠዋለን። 5 ግራም ዱቄት ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ማራስ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ አምስት ደቂቃ ብቻ ሰጠሁት። ዱቄቱ ቱቦው ውስጥ እንደ ክፉ ገንፎ ጓጎለ። አንዱን እብጠት በስፓቱላ ስሰብረው ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። አሴቶናይትራይል እዚያ ውስጥ ያለውን መድኃኒት በምን በኩል ገብቶ ያወጣዋል?

ጨው ላይ ደግሞ አትዘናጉ። ማግኒዚየም ሰልፌት ውሃ ሲያገኝ ይግላል፣ ቱቦው እጃችሁ ላይ ሲሞቅ ይሰማችኋል። ወዲያው ካልነቀነቃችሁት ታች ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ሪከቨሪ መጣ። የታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት ንጹሕ ናሙና ላይ ጨምራችሁ ስንቱ ተመልሶ እንደሚወጣ ታያላችሁ። ተቀባይነት ያለው ከ70 እስከ 120 በመቶ ነው። እኔ መጀመሪያ ስግብግብነት ይዞኝ፣ ዝቅተኛ መጠን ለማየት ብዬ 5 ግራሙን 10 አድርጌው ነበር። ብዙዎቹ አለፉ፣ የዲዲቲ ዘሮች ግን 58 በመቶ አካባቢ ቀሩ። ምክንያቱ ቅባቱ ነው። አሴቶናይትራይል ቅባት እምብዛም አያሟሟም። ቅባት የሚወዱ መድኃኒቶች ደግሞ ከቅባቱ ጋር መቅረት ይመርጣሉ። ናሙናው ሲበዛ ቅባቱም ይበዛል፣ እነሱም እዚያው ተደላድለው ይቀመጣሉ። ወደ 5 ግራም ስመለስ 74 ሆነ። አያስጨበጭብም፣ ግን አለፈ።

አሴቶናይትራይሉ ይዞት የሚወጣውን ትንሽ ቅባት ለማስወገድ ማታ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እናሳድረዋለን። ጠዋት ቅባቱ ረግቶ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ያን ጊዜ እንደቀዘቀዘ ቶሎ ከላይ መቅዳት ነው። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎልኝ ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ስመለስ ነጩ የለም። ተመልሶ ሟሙቷል። አንድ ሌሊት ለአንድ ስልክ ሄደ።

አንድ ሳምንት የበላኝ ግን ቱ-ፎር-ዲ ነው፤ ጤፍ ላይ አረም የሚረጩበት፣ ሁላችሁም የምታውቁት። ናሙናው ላይ ጨመርኩት፣ ጠፋ። ሪከቨሪ ዜሮ። ስታንዳርዱ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ፣ ተበላሽቷል አልኩ፣ አዲስ አዘጋጀሁ። ማሽኑ ነው አልኩ፣ ናሙናው የሚገባበትን ክፍል አጠብኩ። ያው ዜሮ። በመጨረሻ አንዲት አንጋፋ ባልደረባችን ማስታወሻ ደብተሬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ አሲዱን በአሚን አስረኸው ስታበቃ የት ሄደ ትላለህ እንዴ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጽጃ የምንጨምረው ፒኤስኤ የሚባለው ዱቄት አሚን አለው። ሥራው የቅባት አሲዶችን መያዝ ነው። ቱ-ፎር-ዲም አሲድ ነው፣ ፒኤስኤ ደግሞ አይመርጥም። አኩሪ አተር እርሻ ላይ የሚረጩት አረም ማጥፊያዎች፣ ፍሉአዚፎፕና ሃሎክሲፎፕም፣ እዚያው ዘር ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፒኤስኤ ከመግባቱ በፊት ከጥሬው ጥቂት ቀድቶ አሲዶቹን በኤልሲ-ኤምኤስ-ኤምኤስ፣ ውህዶችን ለይቶ በሚለካው ማሽን፣ ለብቻ መለካት። እነዚህ አሲዶች ዕፅዋቱ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ቀድሞ በአልካሊ ማላቀቅም አለ። እዚያ ገና አልደረስኩም።

ብላንኩ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ የምንይዘው ንጹሕ ናሙና፣ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ምንም መድኃኒት ያልነካው የተባለ አኩሪ አተር አግኝተን ፐርመትሪን ወጣበት። ገበሬውን ስናማ ሰነበትን። ለካስ ናሙናው የተቀመጠበት ክፍል ለበረሮ ተረጭቶ ኖሯል። የእኛው ክፍል። ገበሬው ይቅር ይበለን።

እናቴ በጾም የአኩሪ አተር ወተት ታፈላለች። ሥራዬን ከነገርኳት ጀምሮ "ታዲያ ልጠጣው ወይስ ልተወው?" ትለኛለች። እኔም ወተቱን ይዤ ሄድኩ። ወተቱን መለካት ይቀላል፣ ማራስ የለም፣ 10 ግራም ቀጥታ ነው። ውጤቱን ማንበቡ ነው የሚያስቸግረው። የሚፈቀደው የቅሪት ጣሪያ የተቀመጠው ለደረቁ ፍሬ ነው። ከአንድ ኪሎ ስምንት ሊትር ወተት ካወጣችሁና መድኃኒቱ በሙሉ ወደ ወተቱ ቢያልፍ፣ ፍሬው ላይ 0.08 ሚሊ ግራም በኪሎ የነበረው ወተቱ ላይ 0.01 ይሆናል። ማሽናችሁ ከዚያ በታች የማያይ ከሆነ "አልተገኘም" ትላላችሁ፣ ፍሬው ግን ነበረበት። ስለዚህ ከወተቱ ጋር ፍሬውንም ስጡኝ እላለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ "እንግዲህ አልገባኝም፣ አፈላዋለሁ" አለች።

አሁን ያለሁት ግላይፎሴት የሚባለው አረም ማጥፊያ ላይ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። አንድ ደንበኛ ከሌላ ቦታ ያሠራውን ወረቀት አሳየኝ። ከ200 በላይ መድኃኒት ተፈልጎ አንዱም አልተገኘም ይላል፣ የአኩሪ አተር ዱቄት ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ግላይፎሴት የለም። ዓለም ላይ ከአኩሪ አተር ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው መድኃኒት! አሜሪካ ግላይፎሴት የሚቋቋም አኩሪ አተር መዝራት ከጀመረች ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለቱ አይለያዩም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ለደረቅ አኩሪ አተር የፈቀደው የግላይፎሴት ጣሪያ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው። ለንጽጽር፣ የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ጣሪያ ላልተቀመጠለት ሌላ መድኃኒት የሚጠቀመው 0.01 ነው። ሁለት ሺህ እጥፍ!

ወረቀቱ አልዋሸም። ግላይፎሴት ውሃ ወዳድ ስለሆነ በኬቸርስ አይያዝም፣ አሴቶናይትራይሉን ትቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ለብቻው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፣ ሌላ ዘዴ ደግሞ ሌላ ክፍያ ነው። እኔ የያዝኩት ኩፔ የሚባለውን ነው። ውሃ፣ አሲድ የገባበት ሜታኖል፣ ከዚያ ብረቶቹ እንዳይዙት ኢዲቲኤ። ሜታኖሉ ፕሮቲኑንም ያረጋዋል፣ አኩሪ አተር ደግሞ ሲሶው ከፍ ሲልም አርባ በመቶው ፕሮቲን ነው።

እዚህም ተመታሁ። የስታንዳርዱ መስመር ላይ ዝቅተኞቹ ነጥቦች ይጠፉብኝ ነበር። ግላይፎሴት መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ የእኔ ቫያሎች፣ ናሙና የሚያዝባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ደግሞ ሁሉም መስታወት ናቸው። ወደ ፕላስቲክ ስቀይር ነጥቦቹ በማግስቱ ተሰለፉ። የቀረኝ ኤኤምፒኤ ነው፣ ግላይፎሴት ሲፈርስ የሚሆነው። ፒኩ፣ ማሽኑ የሚሥለው ምልክት፣ ሰዓቱን አይጠብቅም፣ ጠዋትና ከሰዓት ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው። ኮለሙ፣ ውህዶቹን የሚለያየው ቱቦ፣ በናሙና እስኪጠግብ ደጋግመህ ወጋው ተብያለሁ፣ ዛሬ አሥራ አምስተኛው ላይ ነኝ።

ፍሪዘሩ ውስጥ "የእማዬ" ተብሎ የተጻፈበት አንድ ኪሎ አኩሪ አተር አለ። ኤኤምፒኤ ቦታውን ሲይዝ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።