ሜን አይዲያን መሸምደድና ሜን አይዲያን ማግኘት

በጅማ ከተማ በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሜን አይዲያ (ዋና ሐሳብ)፣ ኢንፈረንስ (ከተነገረው ተነሥቶ ያልተነገረውን መረዳት)፣ ሰመሪ (አጭር ማጠቃለያ)፣ ቶፒክ ሴንተንስ (የአንቀጹን ሐሳብ የሚያስይዝ ዓረፍተ ነገር) የሚሉትን ስያሜዎች በደብተራቸው ጽፈው፣ ፍቺያቸውንም በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። ፍቺውን የጠየቃቸው ሰው አንድ ቃል ሳይስቱ ሲመልሱለት ይሰማል። አጭር ምንባብ ሰጥቶ «የዚህ አንቀጽ ሜን አይዲያ ምንድን ነው?» ቢላቸው ግን አብዛኞቹ የአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ያቀርቡለታል። ለዚህ የልጆቹን ስንፍና ወይም የእንግሊዝኛቸውን ድክመት ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። እነዚህ ስያሜዎች እያንዳንዳቸው አንባቢው ወይም ጸሐፊው የሚሠራውን አንድ ሥራ የሚጠሩ ሆነው ሳለ፣ እኛ ግን ሥራውን ሳናሠራቸው ስሙን ብቻ እናስይዛቸዋለን።

ጉዳዩ በእኛ አካባቢ የበለጠ ያሳስበኛል። በኦሮሚያ ክልል እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ሌሎቹ ትምህርቶች የሚሰጡት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሆን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ባዮሎጂውም ታሪኩም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከአንድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ዋናውን ሐሳብ ለይቶ ማውጣት ሳይችል ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ትምህርት ነው።

ስለዚህ እኔ እያንዳንዱን ሥራ በመጀመሪያ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ አሠራቸዋለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምኛ ወይም ካፊኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ስለሚቀመጡ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር የያዘ ምንባብ ራሴ እጽፋለሁ። አንዱ የሚከተለው ነው።

«ገበሬው የቀላውን እሸት ቡና እየመረጠ ይለቅማል፤ በዕለቱም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያሰጣዋል። ፀሐይ ላይ ሳለ ደጋግሞ ያገላብጠዋል፤ ደመና ሲያይ ደግሞ ላስቲክ ያለብሰዋል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ተከምሮ የሰነበተውም ይሻግታል። ነጋዴው ሊገዛ ሲመጣ ከደረቀው ጀንፈል በእፍኙ ዘግኖ ያሸተዋል፤ ዋጋውን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።»

የዚህ አንቀጽ ቶፒክ (ርዕሰ ጉዳይ) ምንድን ነው ቢባል «ቡና ማድረቅ» ብሎ መመለስ ይበቃል፤ ቶፒክ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ይነገራል። ሜን አይዲያ ግን ጸሐፊው ስለዚያ ጉዳይ ያለው ነገር ስለሆነ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፦ «የቡና ጥራትና ዋጋ ከለቀማ እስከ ማድረቅ በሚደረግለት ጥንቃቄ ይወሰናል።» ይህ ዓረፍተ ነገር በአንቀጹ ውስጥ በየትኛውም ቦታ አልተጻፈም። የመጀመሪያውን መስመር ገልብጦ የሚያመጣ ተማሪ ስለ ለቀማ ብቻ ተናግሮ ይቀራል፤ ነጋዴውና ሽታው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ልጆቹ መልሳቸውን የሚፈትሹበትን መንገድም አብሬ አሳያቸዋለሁ፦ ያገኙትን ሐሳብ ይዘው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየተራ እያነበቡ «ይህ ሐሳቤን ያግዛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከውጭ ከቀሩ ሐሳቡ ጠብቧል ማለት ነው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃቸው ተማሪዎች ደግሞ የምርጫ ጥያቄ የተሳሳቱ አማራጮች እንዴት እንደሚዘጋጁ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ብዙውን ጊዜ አንዱ አማራጭ ከምንባቡ አንዲት ዝርዝር ነጥብ ብቻ ይዞ የጠበበ ይሆናል፤ ሌላው «ቡና ለኢትዮጵያ ጠቃሚ ነው» እንደሚለው ያለ ልክ ይሰፋል፤ ሦስተኛው በራሱ እውነት ሆኖ በምንባቡ ውስጥ ግን የለም። ጎበዝ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ይህ ሦስተኛው ነው፤ እውነት መሆኑን ስለሚያውቁ ምንባቡን ተመልሰው ሳያዩ ይመርጡታል።

ኢንፈረንስ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የምሰጠው ነው። «ነጋዴው ቡናውን ለምን አሸተተው?» ብዬ ስጠይቅ ምንባቡ በቀጥታ አይመልስም። ነገር ግን መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ እንደሚይዝ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነግሮናል፤ ዋጋው ከማሽተቱ በኋላ እንደሚነገርም የመጨረሻው ነግሮናል። ሁለቱን ያገናኘ አንባቢ ነጋዴው የአደራረቁን ሁኔታ በአፍንጫው እየመረመረ እንደሆነ ይደርስበታል። «ነጋዴው ገበሬውን ሊያታልለው ፈልጎ ነው» የሚል ልጅም ከክፍሉ አይጠፋም። ይህን የሚለው ከቤት የሰማውን ወይም በገበያ ያየውን ይዞ ነው፤ ግምቱ ባዶ ባይሆንም ከምንባቡ ግን አንድም ማስረጃ የለውም። ኢንፈረንስ የሚባለው በጽሑፉ ውስጥ ያለ ማስረጃና አንባቢው ቀድሞ ያወቀው ነገር ሲጋጠሙ የሚገኘው መደምደሚያ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ተራ ግምት ይሆናል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ኢንፈረንስን በሰምና ወርቅ ያስተምራሉ። ልጆቹ የሚወዱት መንገድ መሆኑን አልክድም፤ ከተነገረው በስተጀርባ ያልተነገረ ነገር እንዳለም ያስለምዳቸዋል። ልዩነታቸው ግን አብሮ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በሰምና ወርቅ ወርቁ የሚገኘው በአንዲት ቃል ወይም ሐረግ ድርብ ትርጉም ውስጥ ሲሆን፣ በኢንፈረንስ ግን ቃላቱ አንድ ትርጉም ብቻ ይዘው ሳለ መደምደሚያው ከዓረፍተ ነገሮች መጋጠም ይወጣል። ይህ ካልተነገራቸው ልጆቹ በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የተሸሸገ ምሥጢር ሲፈልጉ ግልጹን ነገር ያልፉታል።

ጀንፈል የሚለውን ቃል አውቄ ነው በምንባቡ ያስገባሁት። የገጠር ልጆች ያውቁታል፤ ከከተማው መሀል የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ሰምተውት አያውቁም። መዝገበ ቃላት ሳይዙ ግን ከፊቱ «የደረቀው» የሚል ቅጽል እንዳለ፣ ከዚያ በፊት የተወራውም ከነገለባው ስለተሰጣ ቡና እንደሆነ አይተው ትርጉሙ ከነገለባው የደረቀ ቡና እንደሆነ ይደርሱበታል። ኮንቴክስት ክሉ ማለት ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ምንባብ ውስጥ አዲስ ቃል ሲያጋጥማቸው ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን እንዲያዩ፣ በተለይም ባት ወይም ሃውኤቨር ካለ ተቃራኒ ሐሳብ፣ ሰች አዝ ካለ ምሳሌ እንዲጠብቁ አለማምዳቸዋለሁ።

ፈተና ላይ የማይቀረው ሌላው ጥያቄ ኢት ወይም ዘይ የሚለው ተውላጠ ስም ማንን ወይም ምንን እንደሚተካ ነው። በአማርኛ «ያገላብጠዋል» ስንል አድራጊውም ተደራጊውም በግሱ ውስጥ ስላሉ ልጁ ተውላጠ ስሙን ለብቻው ነጥሎ ማየት አልለመደም። መላው ቀላል ነው፦ በኢት ቦታ የገመቱትን ስም አስገብተው ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ያንብቡ፤ ትርጉም ካልሰጠ ሌላ ስም ይሞክሩ።

ፋክትና ኦፒኒየንን (መረጃና አስተያየትን) ለማስተማር ጅማ የታደለች ከተማ ናት። «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ይገኛል» የሚለው ፋክት ነው። «በኢትዮጵያ ካሉት ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ውቡ እርሱ ነው» የሚለው፣ እኔም የምስማማበት ቢሆን፣ ኦፒኒየን ነው። ከዚህ ቀጥዬ «ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት ለአምስት ዓመት ብቻ ነው» ብዬ እጽፍና የትኛው ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሐሰት ስለሆነ ብዙዎቹ ኦፒኒየን ይሉታል። ነገር ግን ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 መግዛታቸውን በማመሳከር ስህተትነቱን ማረጋገጥ ስለሚቻል የአስተያየት ወገን አይሆንም፤ የተሳሳተ መረጃ ነው። መለያው ዓረፍተ ነገሩ በማስረጃ ሊፈተሽ መቻሉ እንጂ እውነት መሆኑ አይደለም።

ስለ ሲሚሊና ሜታፎር ብዙ አልናገርም፤ ልጆቹ ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን በአማርኛ ትምህርት ስለሚያገኟቸው ማገናኘት ብቻ ይበቃል። ስኪሚንግና ስካኒንግም እንዲሁ፤ አንደኛው ጠቅላላ ሐሳቡን ለመያዝ በፍጥነት ማንበብ፣ ሁለተኛው አንድ ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ፍለጋ ገጹን በዓይን መቃኘት ነው።

ሰመሪና ፓራፍሬዝን ግን ለይቶ ማሠራት ያስፈልጋል። ከላይ ያለው የቡና ምንባብ ሰመሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ላስቲኩም አልጋውም ይቀራሉ። ፓራፍሬዝ ሲሆን ግን ምንም ሳይቀር በተማሪው ቃላት ስለሚጻፍ ርዝመቱ ከዋናው ጋር ይቀራረባል። ሁለቱንም ለመጻፍ ምንባቡን ሸፍኖ ማሰብ ግድ ነው፤ ክፍት አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ሳያውቀው ይገለብጣል።

ከዚህ በኋላ ጽሕፈት ነው። ከአስር ደብተር በዘጠኙ «በዚህ አንቀጽ ስለ ጅማ ገበያ እጽፋለሁ» የሚል መክፈቻ ቢገኝ አይገርምም። ይህ ቶፒኩን ያሳውቃል እንጂ ስለ ቶፒኩ ምንም አይልም። «የጅማ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይደምቃል» ቢል ግን ቶፒክ ሴንተንስ አገኘ፤ አንባቢው ለምን ይደምቃል ብሎ ይጠይቃልና ቀጣዮቹ ዓረፍተ ነገሮች ገበያተኛው ከየት እንደሚመጣ፣ ማር ነው ቡና ነው በርጩማ ነው ምን እንደሚሸጥ እየነገሩ ይመልሱለታል። ሰፖርቲንግ ዲቴል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በመካከል ስለ ዩኒቨርሲቲው አንድ ዓረፍተ ነገር ከገባ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የአንቀጹን አንድነት ያፈርሳልና ይውጣ። አያያዥ ቃላትም በልማድ አይረጩ፤ ቅደም ተከተል በሌለበት ፈርስትና ሴከንድ መደርደር፣ ምክንያት በሌለበት ቢኮዝ ማስገባት ኮሂረንስ (የሐሳብ ትስስር) አይፈጥርም።

በመጨረሻ ሪቫይዝ ማድረግና ኤዲት ማድረግ አይምታቱ እላለሁ። ሪቫይዝ ሐሳብን ማየት ነው፤ ምን ይጨመር፣ ምን ይውጣ፣ የትኛው ይቅደም የሚለው ነው። ኤዲት ደግሞ የፊደል አጣጣልን፣ ሥርዓተ ነጥብንና የግስ ጊዜን ማረም ነው። ብዙዎቻችን መምህራን የመጀመሪያውን ድራፍት (ረቂቅ) ተቀብለን የፊደል ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ እናከባለን፤ ልጁም ያከበብነውን ብቻ አስተካክሎ የተዘበራረቀውን ሐሳብ እንዳለ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል። እኔ በመጀመሪያው ድራፍት ላይ ፊደል አላርምም። ኅዳጉ ላይ «ለምሳሌ?»፣ «ይህን እንዴት አወቅሽ?»፣ «ይህ ከርዕስህ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉ ጥያቄዎችን ጽፌ እመልሳለሁ፤ ቀዩ እስክሪብቶ የሚወጣው ሁለተኛው ድራፍት ሲመጣ ነው።