ቦርከና ያመጣው የወይራ ሥር

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር አንድ የወይራ ሥር አገኘሁ። ጎርፉ ከየት ነቅሎ እንዳመጣው እንጃ። ውሃው ልጡን ጨርሶታል። ጫፉ ላይ ግን ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አለ፤ ሥሩ ሲያድግ ዙሪያውን አቅፎ ውጦታል፣ ብትታገልም አይወጣም። ተሸክሜው ደሴ ገባሁ።

እማዬ ገና ስታየው "ተባረክ፣ ለወተት ቅሌ ማጠኛ አመጣህልኝ!" አለች። እኛ ቤት ወይራ ማለት ጢሱ ነው። "እማ፣ ይሄ አይነድም፣ ቅርጽ ነው" አልኳት። አገላብጣ አየችው።

"ታዲያ አንተ ምኑን ሠራኸው?"

ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻምፕም በ1917 እ.ኤ.አ. የተገዛ የሽንት መሽኛ ፈርሞበት ለኤግዚቢሽን ሲያቀርብ ጥያቄው ይኸው ነበር። ያኔ የተሰጠው መልስ "መርጦታል" የሚል ነው። ለመሽኛው ይበቃል፤ ፋብሪካ በብዛት ያመረተው ዕቃ ነዋ። ይሄን ሥር ግን ዛፉ፣ ድንጋዩና ወንዙ ስንት ዓመት ለፍተውበታል፣ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የደረስኩት፣ ስለዚህ ቢያንስ የነሱን ሥራ መሸፈን የለብኝም። ሥር ላይ ቫርኒሽ ለቅልቀው፣ ምንቃር ቀጥለው "ንስር ነው" ሲሉኝ ያንገበግበኛል። ፒካሶ በ1942 እ.ኤ.አ. ከብስክሌት ኮርቻና መሪ የበሬ ራስ ሲሠራ ኮርቻው ኮርቻነቱን አልለቀቀም። በሬውም ብስክሌቱም እኩል ይታዩሃል። የኛው አርቲስት ኤልያስ ስሜም አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጠለፈ ሲሠራ፣ ከሩቅ መልክዓ ምድር የመሰለህ ነገር ጠጋ ስትል ሽቦ ነው። እንግሊዛዊው ቀራፂ ሄንሪ ሙር አጥንትና ባልጩት እየሰበሰበ ቅርጹን ብቻ ወስዶ በነሐስ ይሠራ ነበር፤ ያም ሌላ መንገድ ነው፣ አከብረዋለሁ።

ደግሞ ሜዳ ላይ የወደቀ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። አንዴ ሐይቅ አካባቢ ከማሳ ዳር ያማረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስቼ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተጣሩ። "ልጄ፣ እሱ እኮ ወሰን ነው! ሰው ያጋድላል።" እጄ ተንቀጠቀጠ። ይቅርታ ስጠይቃቸው "አብሽር፣ ሳታውቅ ነው" ብለው ቦታው ድረስ ይዘውኝ ሄዱና አብረን መልሰን ተከልነው። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ጠጠር አላነሳም።

የወይራውን ሥር በብሩሽ አሸዋውን ብቻ አራገፍኩለት። ጎርፉ ሰንጥቆት የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ለእማዬ ሰጠኋት። ቅሏን አጠነችበት።