የጎን ሞኒተሮቼ ምስል እንዳይለጠጥ ያደረግኩት

ሦስት ሞኒተር ገጥሞ የመኪና ውድድር የሚጫወት ሰው ቶሎ ዓይኑ ውስጥ የሚገባ ነገር አለ። የመሐሉ ምስል ያምራል፣ የግራና የቀኙ ግን ተለጥጧል። አጠገባችሁ ያለችው መኪና እንደ አውቶቡስ ትረዝማለች። ሞኒተሩ ምንም አልሆነም። ሰራውንድ የሚባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ቅንብር ሦስቱን 1920 በ1080 ስክሪኖች አገጣጥሞ 5760 በ1080 የሆነ አንድ ስክሪን ያደርጋቸዋል። ጌሙም ይህንን እንደ አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው የሚያየው። የጎኖቹን ወደ ራሳችን ማጠፋችንን እኛ ካልነገርነው አያውቅም።

እኔ የምነዳው አይሬሲንግ በሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ነው። የግራፊክስ ቅንብሩ ውስጥ ምስሉን በሦስት ፕሮጀክሽን የሚያስል ምርጫ አለ። ሲበራ ለእያንዳንዱ ስክሪን ዕይታው ለብቻ ይሰላል። ሁሉም ነገር ግን የሚቆመው በምትሰጡት ልኬት ላይ ነው።

ስለዚህ ከወንበሩ ጀመርኩ። መሪውና ፔዳሉ እስኪመቹኝ አስተካክዬ ወንበሩን ቦታ አስያዝኩት። ከዚያ የመሐሉን ሞኒተር መሪው እስከፈቀደ ድረስ አስጠጋሁት፤ ከዓይኔ 60 ሴንቲሜትር ላይ ቆመ። ሞኒተሮቼ 27 ኢንች ናቸው፣ ስፋታቸው 60 ሴንቲሜትር ገደማ። በዚህ ርቀት አንዱ ስክሪን ከዕይታዬ 53 ዲግሪ ያህል ይይዛል፤ የጎኖቹም መታጠፍ ያለባቸው በዚያው ልክ ነው። የማዕዘን መለኪያ አላስፈለገኝም። 60 ሴንቲሜትር ሲባጎ ቆረጥኩ። አንዱን ጫፍ ዓይኔ አጠገብ ይዤ ሌላውን በየስክሪኑ መሐል ላይ አስነካሁ። ሦስቱም ጋ እኩል ሲደርስ፣ ሲባጎውም ወዲህ ወዲያ ሳያዘነብል ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ማዕዘኑ ተገኘ። ርቀቱ 75 ቢሆን ኖሮ ማዕዘኑ ወደ 43 ይወርድ ነበር። የሌላ ሰው ቁጥር መገልበጥ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ስፋቱን፣ የጠርዙን ውፍረት፣ ርቀቱንና ማዕዘኑን ጌሙ ውስጥ አስገባሁ። ጠርዙን አትናቁት። እሱ ካልተቆጠረ መስመሮች ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲያልፉ ይሰበራሉ። ለማረጋገጥ ጌሙ ውስጥ ባለው የጣሊያኑ ሞንዛ ትራክ ዋናው ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናውን አቆምኩና የፒቱን፣ ማለትም መኪኖች ጎማ ለመቀየር የሚገቡበትን ቦታ፣ ግድግዳ አየሁ። የግድግዳው አናት ከመሐል ወደ ቀኝ ሳይታጠፍና ሳይዘል ከቀጠለ ልኬቱ ትክክል ነው። ይህን ከወንበሩ ላይ ሆናችሁ ብቻ ፈትኑት። ቆማችሁ ካያችሁት የተበላሸ ይመስላል።

ዋጋው ፍሬም ነው፤ በሴኮንድ የሚሳለው የምስል ብዛት ይቀንሳል። አንዱን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መሳል ግራፊክስ ካርዱን ያጨናንቀዋል። እኔ ጥላውንና የመስታወቶቹን ጥራት ቀነስኩ፣ ምንም አልቆጨኝም።

አንድ ነገር ግን ታገሡ። ትክክለኛው ዕይታ መጀመሪያ ላይ ሁሉን ያቀርባል፣ ፍጥነቱም የቀነሰ ይመስላል። ዕይታውን ለማስፋት እጃችሁ ይቸኩላል። እኔ አልነካሁትም፤ ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ፍሬን የምይዝበትን ቦታ በዓይኔ መገመት ቀለለኝ። ጎኔ የገባውንም መኪና ምን ያህል ቦታ እንደምሰጠው አሁን ሳልጠራጠር አውቃለሁ። የወንበሩን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ። ሌላ ሰው ነድቶ ሲነሳ እዚያው እመልሰዋለሁ።