ትልቅ ስፒከር ሊገዙ መጥተው ምንጣፍ ያስገዛኋቸው ጋሼ

የሳውንድ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሰርቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ነገር ያውቃታል። ደንበኛው ይገባና ገና ሰላም ሳይል "ከነዚህ ውስጥ ሀይለኛው የቱ ነው?" ይላል፣ ዋቱን ማለቱ ነው። ካርቶኑ ላይ ደሞ ፒኤምፒኦ ምናምን (ለማስታወቂያ የተነፋ የዋት ቁጥር ነው) ብለው 5000 ዋት ጽፈውበታል፣ ኧረ የቤቱ ሶኬት ራሱ ያን ያህል አይሰጥም፣ ግን ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ገዢም ደስ ይለዋል ሻጭም ደስ ይለዋል፣ በቃ ሁሉም ተደስቶ ይለያያል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ስልክ ይደወላል።

እኔ ምሰራው አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ሆም ቴአትር ሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር። እኔ ኢንስታሌሽኑ ላይ ነኝ። ክረምት ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ መጡና ደረት የሚደርሰውን ታወር ስፒከር እያሻሹ ችግራቸውን ነገሩን። ፊልም ሲያዩ ሰዎቹ የሚያወሩት አይሰማም፣ ድምፅ ሲጨምሩ ፍንዳታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ ሙዚቃ ሲከፍቱ ደሞ "ድሮ በቴፕ የምሰማው ይሻል ነበር" አሉ። ያለኝ 100 ዋት ነው 200 ላድርገው ነው ሀሳባቸው። አለቃችን ፊቱ በራ። እኔን ግን ይሄ የዋት ችግር አልመስል አለኝ፣ ምክንያቱም ዋት እጥፍ ስታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ትንሽ ጭማሪ፣ ጆሮህ እጥፍ ጮኸ እንዲል ከፈለክ ወደ አስር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። እና "ጋሼ፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው?" አልኳቸው፣ አለቃዬ እንዴት እንዳየኝ አትጠይቁኝ።

ስንሄድ (አንድ አዲስ ልጅ አብሮኝ ነበር) ልጃቸው ከአሜሪካ መጥታ ለአባቷ ሰርፕራይዝ ብላ አዲስ ሪሲቨር ይዛ መጥታለች፣ የዲሹን ሪሲቨር አይደለም ምለው አምፕሊፋየሩን ነው። እሷ ጣራው ላይ ስፒከር ተገጥሞ አትሞስ (የፊልም ድምፅ ከላይም የሚመጣበት ሲስተም) ይሁንልን ነው ምትለው። አዲሱ ልጅ ፈጣን ነው፣ እኔ ከጋሼ ጋር ሳወራ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ጠፍጣፋውን ስፒና አዳፕተር ላይ ሰክቶ፣ አዳፕተሩን ዲቫይደሩ ላይ ሊሰካ እጁን ዘርግቷል። "ቆይ ቆይ ቆይ!" ብዬ ጮህኩ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሁሉ ደነገጡ። ገልብጠን ጀርባውን አየነው፣ ኤሲ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል። እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ ያን ጊዜ ቢሰካ ኖሮ እድለኛ ከሆንን ፊውዙ ብቻ ይቃጠል ነበር፣ ካልሆነ ደሞ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ይሄድ ነበር። ልጅቷ "ላፕቶፔ እኮ እዚህም ይሰራል" አለች፣ እውነቷን ነው የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ይቀበላል፣ ለአንድ ሀገር ገበያ የተሰራ አምፕ ግን ብዙ ጊዜ እንደዛ አይደለም፣ ከመግዛት በፊት ጀርባውን ማንበብ ነው። ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፣ ግን የአምፑን ፍጆታ በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት፣ ያ ደሞ ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ዋጋም አለው።

ሪሲቨሩን ወደ ካርቶኑ መልሰን የነበረውን ማየት ጀመርን።

መጀመሪያ ሙዚቃ ከፈትን፣ የክራር ነገር ነው፣ ዘፋኙ የት እንዳለ አይታወቅም። ድምፁ ከጣራም ከግድግዳም ይመጣል፣ ቤዙ ደሞ ባዶ ነው። የስፒከሩን ሽቦ ሳይ የመብራት ሽቦ ነው፣ ሁለቱም ነጭ፣ ምልክት የለው ምን የለው። ከሪሞቱ አንድ ድንጋይ አወጣሁና የስፒከሩን ፊት ጨርቅ ነቅዬ፣ ሽቦዎቹን ከአምፑ ፈትቼ፣ ለአምፑ ቀይ መግጠሚያ መሄድ ያለበትን ጫፍ በድንጋዩ ፕላስ ሌላውን በማይነሱ ነካ አደረግኩት። የግራው ኮን (የሚንቀጠቀጠው ክቡ ክፍል) ጠቅ ብሎ ወደ ውጪ ወጣ። የቀኙን ሳደርግ ወደ ውስጥ ገባ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እያዩ "ተጣልተዋል እንዴ?" አሉ። በትክክል! አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል፣ ቤዙን እርስ በርስ ያጠፉታል። (ለሞካሪዎች፣ ድንጋዩን ነካ አድርጋችሁ ወዲያው አንሱት፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር ላይ ደሞ እንዳትሞክሩት።) የቀኙን ሽቦ ገልብጬ ገጠምኩ፣ የነበረውን ሪሲቨርም ኦል ቻናል ስቴሪዮ ከሚለው፣ ሁሉም ስፒከር ዘፈኑን ከሚያወጣበት፣ አውጥቼ ስቴሪዮ ላይ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ዘፋኙ ከሶፋው ጀርባም ይዘፍንላቸው ነበር። እንደገና ስንከፍተው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና በሁለቱ ስፒከሮች መሀል ባዶውን ቦታ በጣታቸው እያሳዩ "ይሄ ሰውዬ እዚህ ጋ ነው እንዴ የቆመው?" አሉ። ገና አንድ ብር አላወጡም።

የፊልሙ ወሬ ያልተሰማበት ምክንያት ደሞ ያስቃል። ሴንተር ስፒከሩ፣ ያ ንግግሩ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚወጣበት ስፒከር፣ ቡፌው ውስጥ ነው፣ ከቡና ሲኒው ጎን፣ መስታወቱ ተዘግቶበት! እትዬ አቧራ እንዳይበላው ብለው ነው። አውጥተን ከቲቪው ስር አደረግነውና ወደ ጆሮ አቅጣጫ ትንሽ ቀና አደረግነው። ያም ሆኖ ሴንተሩ ራሱ ትንሽ ነው፣ ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች ጋር ድምፁ አይመሳሰልም፣ ሰውዬው ከግራ ወደ ቀኝ እያወራ ሲሄድ መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል። እዚህ ጋ ነበር እንግዲህ እውነተኛ ብር ማውጣት የሚያስፈልገው።

ቤዙ ላይ ብዙ ቆየን። ሰብውፈሩ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ጥግ ላይ ተወትፏል፣ አንዲት ኖታ ስትመጣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል ሌላዋ ስትመጣ የለችም። ሳሎኑን ለካሁት፣ ስፋቱ 4 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ በሁለት ግድግዳ መሀል እየተመላለሰ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ ያሳብጠዋል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ገመድ ደሞ 41 ኸርዝ ላይ ናት፣ እንግዲህ አስቡት። ጥግ ላይ ስታስቀምጠው ይብሳል። መፍትሄው ሰብውፈሩን ጋሼ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጥቶ ሙዚቃ ከፍቶ በግድግዳው ዙሪያ በጉልበት እየዳሁ ቤዙ ለስለስ ብሎ እኩል የሚሰማበትን ቦታ መፈለግ ነው። እኔ እየዳሁ እትዬ ከኩሽና ብቅ ብለው "ልጄ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ፣ አዲሱ ልጅ በሳቅ ሞተ። ቦታው ከቲቪው በስተግራ ከጥግ ራቅ ብሎ ተገኘ። የፊት ስፒከሮቹንም ሪሲቨሩ ላይ ስሞል አድርጌ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ቤዙ ለሰብውፈሩ የሚተላለፍበትን መስመር፣ 80 ኸርዝ ላይ አደረግኩት። የነበረው ሪሲቨር የካሊብሬሽን ማይክ፣ የክፍሉን ድምፅ ለክቶ ስፒከሮቹን የሚያስተካክልበት፣ ደሞ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል፣ የገጠመላቸው ሰው አልነካውም፣ ሰካሁትና አስኬድኩት።

የቀረው ክፍሉ ራሱ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ጂፕሰም፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያህል፣ መጋረጃው ስስ። አጨብጭበህ ስትሰማ ድምፁ ይንጫጫል፣ እንደ ባዶ በርሜል ነው። እዛ ውስጥ የሚሊየን ብር ስፒከርም ብታስገባ ወሬ ጥርት ብሎ አይሰማም። ምንጣፍ ያስፈልጋል፣ ወፍራም፣ በሶፋውና በቲቪው መሀል፣ መጋረጃውም ይወፍር አልኩ። እትዬ ይሄን ሲሰሙ በጣም ወደዱኝ፣ ለካ ስንት ጊዜ ምንጣፍ እንግዛ ብለው ጋሼ እምቢ ብለው ኖሯል።

ልጅቷ አትሞሱን አልተወችም። "ምን ምን ነው ምታዩት?" አልኳት። ዲሽ፣ ዩቲዩብ፣ ኳስ። እሱ ደሞ በአብዛኛው ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ነው፣ ከጣራ የሚመጣ ነገር በውስጡ የለም፣ ጂፕሰሙን በስተን ዝም የሚል ስፒከር ልንሰቅል ነው። ወደፊት አትሞስ ያለው ሰርቪስ በደንብ ማየት ከጀመሩ ያኔ እንነጋገር፣ ለአሁኑ ሽቦውን ለመሳብ የሚሆን ቦታ ምልክት አድርጌላችሁ ልሂድ አልኩና ተስማማን። ማታ ማታ ደሞ ፍንዳታውን ዝቅ ንግግሩን ከፍ የሚያደርገውን ናይት ሞድ ሪሞቱ ላይ አሳየኋቸው፣ ለጋሼ ከሁሉም የጠቀማቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ከኛ የገዙት ከፊት ስፒከሮቹ ጋር ድምፁ የሚመሳሰል ሴንተር፣ ቀይና ጥቁር ምልክት ያለው ደህና የስፒከር ገመድና ስታቢላይዘር ነው። ታወሩ ቀረ። ሱቅ ስመለስ አለቃዬ "እሺ፣ ምን ሸጥክ?" ሲል አዲሱ ልጅ ቀድሞኝ "ምንጣፍ" አለው። "ምንጣፍ የምንሸጠው እኛ ነን እንዴ?!" እውነቱን ነው እሱም፣ ኪራይ አለበት፣ ግማሽ ቀን ሁለት ሰው ይዞ የሄደ ስራ በአንድ ሴንተር አይሸፈንም። እኔም የእሱን ሂሳብ ስላወቅኩ የቤት ምርመራ በነፃ መሆኑ ይቅር አልኩት፣ እናስከፍል፣ ዕቃ ከገዙ ከዋጋው ይቀነስ። ብዙ ተጨቃጨቅንና ተቀበለው፣ አሁን ከተወሰነ ዋጋ በላይ ለሚገዛ ሰው ቤቱን ሳናይ አንሸጥም። አዲሱ ልጅም የውጭ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። እስካሁን ያልተስማማነው ሶፋ ማንቀሳቀስ በምርመራው ሂሳብ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ላይ ነው፣ እኔ አይገባም ባይ ነኝ፣ ወገቤ የራሴ ነው።