ስክሪኑ ኦሪጅናል ነው፤ ስልኩ ግን አልቀበልም አለ

ሁለት አይፎን 13 ወስዳችሁ ስክሪናቸውን አቀያይሩ እንበል። ሁለቱም ስክሪን ኦሪጅናል ነው፣ የተሰበረም የተበጠሰም ነገር የለም። ስልኩ በ2021 ገበያ ላይ እንደወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህን ያደረገ ሰው ግን ፌስ አይዲው (ስልኩን በፊት የሚከፍተው) ይጠፋበት ነበር። ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት። መለያዋ ከስልኩ ቦርድ ጋር በፋብሪካ ተጣምሯል፤ ካልገጠመ ሶፍትዌሩ ፌስ አይዲውን ይዘጋው ነበር። ጠጋኞች ቺፗን ከአሮጌው ስክሪን ላይ በማይክሮስኮፕ እያዩ አንስተው አዲሱ ላይ እስከመበየድ ደርሰው ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ አፕል በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 15.2፣ ክልከላውን አነሳ። አንዲት ብሎን ሳይፈታ በሶፍትዌር ብቻ የሚነሳ ነገር ከመጀመሪያውም የግድ አልነበረም።

ስልኩ የተቀየረ ዕቃ እንዳለው መናገሩን አልቃወምም። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ማወቅ አለበት። የጣት አሻራ አንባቢን በጥንቃቄ መጠበቅም ተገቢ ነው። ባትሪ ግን አሻራ አይዝም። ከአይፎን ኤክስኤስ እና ኤክስአር ጀምሮ በውጭ ጠጋኝ የገባ ባትሪ፣ ኦሪጅናልም ቢሆን እንኳ፣ ለረጅም ጊዜ የባትሪውን ጤና ፐርሰንት ይደብቅ ነበር። ይህ ባለቤቱን ወደ አንድ በር ብቻ የሚገፋ አሠራር ነው።

በፍርድ ቤት የተፈተነም ጉዳይ አለ። አይፎን 6 ላይ የሆም ቁልፉን ውጭ ያስቀየሩ ሰዎች ሶፍትዌር ሲያድሱ «ኤረር 53» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ስልኩ ጭራሽ አልሠራም ይል ነበር። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን አፕልን ከሰሰ፤ በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ የአሜሪካውን አፕል 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ስልኩን ሌላ ሰው ስለነካው ብቻ የሸማቹ የሕግ ዋስትና አይቀርም ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁም ይህን ያዙ፦ ከ1975 ጀምሮ ያለው የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን ወይም ጥገናውን በነፃ ካልሰጠ በቀር «የእኔን ዕቃ ካልተጠቀምክ ዋራንቲህ ይሰረዛል» እንዲል በጥቅሉ አይፈቅድለትም። «ይህ ከተነሳ ዋስትናው ይቀራል» የምትለዋ ትንሽ ወረቀት ብዙ ሰው ታስፈራራለች፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ2018 እንዲህ ላሉ ስድስት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፏል።

አሁን ወደ ጥገናው። ስክሪን ከማስቀየራችሁ በፊት ጠጋኙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የአሮጌውን ስክሪን ዳታ በፕሮግራመር (ዳታውን አንብቦ ወደ አዲሱ በሚገለብጥ መሣሪያ) ያነባል ወይ? ሳይነበብ ከተቀየረ ትሩ ቶን የሚባለው የቀለም ማስተካከያ ሊጠፋ ይችላል። አሮጌው ስክሪን ጨርሶ ከሞተ ማንበቡ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ተሰንጥቆ ገና እየሠራ ሳለ መሄድ ይሻላል። አሮጌውንም ስክሪን ሳትረከቡ አትውጡ።

ከአይፎን ኤክስ እስከ 12 ያሉት ላይ ደግሞ የጆሮ ስፒከሩ ኬብል ስክሪኑ ላይ ተጣብቆ ነው ያለው፤ ፌስ አይዲ የሚያስፈልገው ዳሳሽም እሱ ላይ ነው። ኬብሉ በቀስታ ሞቅ ተደርጎ፣ ሳይጎተት መላቀቅ አለበት። ከተበጠሰ ወይም እርጥበት ከገባው ፌስ አይዲ ይቀራል፤ አዲስ ኬብል መግጠም ብቻውን አይመልሰውም። የብሎኖቹ ርዝመት የሚለያየው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የቦርዱን መስመር ሊበሳ ይችላል። ብሎን በአንድ ክዳን ውስጥ የሚያደባልቅ ጠጋኝ ካያችሁ ስልኩን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ባትሪ ሲቀየር ቻርጁ ከ25 ፐርሰንት በታች ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ሲነቀል ቢወጋ የእሳቱ አደጋ ይቀንሳል። ያበጠ ባትሪ በካቻቪቴ አይነካም።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ አይፎን ስትገዙ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል»፣ «አባውት» ውስጥ ግቡ። «ካሪየር ሎክ» የሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ ለአንድ ቴሌኮም የተቆለፈ ነው፤ ክፍያው ያላለቀ የክሬዲት ስልክ ሊሆንም ይችላል። እዚያው ዝቅ ብሎ የተቀየሩ ዕቃዎች ዝርዝር አለ፦ ባትሪ ከኤክስኤስ እና ኤክስአር፣ ስክሪን ከ11፣ ካሜራ ከ12 ጀምሮ። የሴቲንግስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስልኩ በድርጅት ቁጥጥር ሥር መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ አትግዙ፤ ተደምስሶ ሲከፈት ቁጥጥሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ፌስ አይዲን እዚያው በፊታችሁ አስመዝግቡ። በመጨረሻ ሻጩ የራሱን የአፕል አካውንት አውጥቶ፣ ስልኩን ደምስሶ፣ የእናንተን አስገብታችሁ ሲከፈት እዩ። አካውንቱ ሳይወጣ የተሸጠ ስልክ ለመለዋወጫ እንኳ ዋጋው ወርዷል፤ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ ስልኩን ከባለቤቱ አካውንት ጋር የሚያስረው ቁልፍ ወደ ባትሪውና ወደ ስክሪኑም ተዘርግቷል። ሌባ ለመከላከል ይረዳል፤ ግን በሕጋዊ መንገድ ተገዝተው አካውንታቸው የተረሳ ስልኮችንም ቆሻሻ ያደርጋል።

አገር ውስጥ ከሱቅ ከሆነ የምትገዙት ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ላዩ ላይም የስልኩን አይኤምኢአይ (መለያ ቁጥር) አስጽፉ፤ *#06# ስትደውሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 (ይሄኛው በእኛ ዘመን ነው) ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠ ከሆነ ቃሉም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በአፍ የተባለውን ሻጩ ነገ አላልኩም ይላል።

በአሜሪካ የኦሪገን ክፍለ ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በኋላ የተመረቱ ስልኮች ላይ ዕቃን በማጣመር ጥገናን ማገድ በሕግ ተከልክሏል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ የአነስተኛ መሣሪያዎች ባትሪ በተጠቃሚው እጅ እንዲፈታ ያዛል፤ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። ወደ እኛ ገበያ የሚመጣው ስልክ እዚያ የተሸጠ ሊሆን ይችላልና፣ ዘመድ ከውጭ ስልክ ሲልክላችሁ ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የት እንደተገዛና መቼ እንደተመረተም ጠይቁ።