ሦስት ሚሊ ሜትር

ዛሬ ማታ በእጄ እየሠራሁት ባለው የኤሌክትሪክ ጊታር፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለ ቀጭን ብረት) ላይ ተጭኜ ክሩን መታሁት። ቀጥዬ ሳልጫነው መታሁት። ሁለቱ ድምፆች ገጠሙ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ ግን ያው አንድ ድምፅ። ማመን አቅቶኝ ደጋግሜ መታሁት።

የመጀመሪያው አንገት እንዲህ አላለልኝም ነበር። ባለፈው ክረምት ነው የሠራሁት። መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ደህና ነው፤ ወደ ገላው እየተጠጋሁ ስሄድ ድምፁ ይወርዳል። ክሩን ብቀይር፣ እንደገና ብቃኝ፣ ወይ ፍንክች! ሁለት ወር የለፋሁበት ነገር ስለሆነ አንጀቴን በላኝ።

ሒሳቡ ልክ ነበር። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፌንደር የተባለው ጊታር አምራች የሚሠራበት ልክ። እሱን የፍሬት ቦታ ለሚሰላበት ቋሚ ቁጥር፣ ለ17.817 ስታካፍል 36.4 ያህል ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ ያ ነው። የተረፈውን ደግሞ ለ17.817፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ክሩ እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ 324። የኔው 321 ላይ ነበር።

ስህተቱን ያገኙልኝ እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ገበያ የሚሠሩ አናጺ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጊታር ነክተው አያውቁም። አንገቱን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ፍሬቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። «እንዴት ነው የለካኸው?» አሉኝ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እያልኩ መሆኑን ነገርኳቸው። «አቦ ልጄ፣ ሜትር አንዴ ይዘረጋል። ሳትጨርስ አታንሣው።» በየፍሬቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል እየሳትኩ፣ ስህተቷን ለሚቀጥለው ሳወርስ ኖሬያለሁ።

ክራር ቢሆን ክሩን እየወጠርክ፣ ጆሮህን እየሰማህ ታስተካክላለህ። ባቲ ብትል አምባሰል፣ ቅኝቱ እጅህ ላይ ነው። ጊታር ግን የፍሬቱን ቦይ በመጋዝ የከፈትክ ቀን ድምፁን ወስነኸዋል። ሦስት ሚሊ ሜትር ድምፅ መሆኑ ለኔ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛውን አንገት በሌሊት ነው የሠራሁት። ቀን ላይ የድሬ ሙቀት አያሠራም፤ ላቡ ጣውላው ላይ ይንጠባጠባል። የብረት ማስመሪያውን በፕላስተር አጣብቄ፣ ሃያ ሁለቱንም ከአንድ ጫፍ ተነሥቼ በቢላ ጫፍ ጫርኩ። ፍሬቱ የሚተከልበት ወይራ ነው። እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መጋዙ ሲሞቅ ሽታው ቤቱን ሞላውና እናቴ ከመኝታ ቤት «በዚህ ሌሊት ዕቃ የሚያጥነው ማነው?» አለች።

ገላው ዋንዛ ነው፤ ጋሼ የሰጡኝ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር። በድሬ ፀሐይ ስንት ዓመት የደረቀ እንጨት ከዚህ በኋላ ይጣመማል ብዬ አልሰጋም።

የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፕ ገና ነው። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ወደ 8,000 ዙር መጠቅለል አለበት፤ ለሱ የእናቴን የስፌት መኪና አስፈቅጃለሁ። እስከዚያው ይህ ጊታር እንዲህ ሲመታ ብዙም አይሰማም። ጆሮዬን ዋንዛው ላይ ለጥፌ ነው የሰማሁት። እንጨቱ ጉንጬ ላይ ይነዝራል።

ነገ ሙቀቱ ሳይጠና መጋላ ይዤው እወርዳለሁ። ጋሼም ጆሯቸውን ይለጥፉበት።